ለመንቦራጨቅ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ

ዋና ለመማር ሻንጣ ያስፈልጋል አሉኝ። ሻንጣ! እኔ ለልጄ ሠርግ ከአርብ ገበያ ባሕር ዳር ድረስ ስወርድ የያዝኩት ጋቢዬን፣ ዱላዬንና አንድ ፌስታል ቆሎ ነበር። የልጅ ልጄ ግን በክረምቱ ዕረፍት እዚያው ባሕር ዳር፣ ቤታቸው አጠገብ ባለ የሆቴል ገንዳ ገብታ ለመንቦራጨቅ መነጽር፣ ኮፍያ፣ የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ ይዘውት እግር የሚመቱበት ሰሌዳ፣ ክንድ ላይ የሚነፋ ላስቲክ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የአፍንጫ መቆንጠጫ ያስፈልጋታል ተባለ። ዝርዝሩን በስልክ ያነበበልኝ ልጄ ነው። «አባባ፣ እስቲ አርብ ገበያ ላይ ረከስ ያለ ካገኙ ይዘውልን ይምጡ» ይለኛል። ከአገሩ የራቀ ልጅ እንዲህ ነው፤ ወይ አገሩን ይረሳዋል፣ ወይ ዱባይ ያደርገዋል።

ይሁና ብዬ ወጣሁ። ላላወቀን ሰው፣ አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት፤ ከበታቻችን በሺሎ ወንዝ ከወሎ ይለየናል። በገበያችን ጤፍ አለ፣ ምስር አለ፣ በግ አለ፣ የላስቲክ ጫማ አለ። የዋና መነጽር ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ነጋዴ የብየዳ መነጽር አወጣልኝ። ባደርገው ፀሐይዋ ጠፋች። «ይኼማ የበያጅ ነው» ብለው «አባቴ፣ ውሃ ውስጥ ምን የሚታይ ነገር አለና ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእኛ ወንዝ በክረምት የሚታይ ነገር የለም።

ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። እዚያ የፈረንጅ አገር ቁም ሣጥን ተገልብጦ ነው የሚሸጠው፤ የሚፈልግ ሰው አያጣም። ልጁ ከክምሩ ሥር እጁን እስከ ብብቱ ሰዶ ሲያምስ ቆየና እውነተኛ የዋና መነጽር መዘዘ። ሰማያዊ ነው፤ አንደኛው ዓይን ተጫጭሯል፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ላስቲክ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ማሰሪያውን ሳብ ባደርገው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። «ይታሰራል እኮ አባቴ» አለኝ ልጁ፣ ሁለቱን ጫፍ እየቋጠረ። ከዚያ ደግሞ የዋና ልብስ ነው ብሎ ሁለት ማንጠልጠያ ያላት ቁራጭ ጨርቅ ሰጠኝ። በሁለት እጄ ዘርግቼ ወደ ብርሃን ይዤ ስመረምር የነፍስ አባቴ ከፊቴ ቆሙ።

«ምንድን ናት?»

«የዋና ልብስ ናት አባ፤ ለልጅ ልጄ።»

ጨርቋን አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ ወደ ሰማይ አዩ። «ያውም በአርብ!» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ጾሙ ምን አገናኘው ብዬ ልከራከር ነበር፤ ግን ጨርቋ በእጄ ላይ ሆና ማን ይሰማኛል?

በእኛ ልጅነት ለዋና ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እናት እንዳታውቅ ማድረግ ነበር። ልብሳችንን ቁጥቋጦ ሥር ደብቀን፣ ከብቶቹን ለታናሽ ትተን፣ እርቃናችንን እንገባለን። ደፋሩ በደረቱ፣ ፈሪው የደረቀ ቅል ሆዱ ላይ አስሮ፣ ኋላ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ሲመጣ ክዳኑን አጥብቆ አቅፎ ይዋኛል። አሰልጣኝ የለም፤ ሁሉም የውሻ ዋና ነው። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ «ና እስቲ» ትልና ክንዴን በጥፍሯ ጫር ታደርጋለች። ነጭ መስመር ከወጣ ወንዝ ወርደሃል ማለት ነው፤ ቆዳ ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅ ያሳብቃል። ስለዚህ አዋቂ የሆነው ልጅ ከቤት ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ ይወጣል። የእኛ የዋና ዕቃ ይኼው ነው፤ ቅልና ቅቤ።

ይህን ለምራቴ ስነግራት ሳቀችና «አባባ፣ ታዲያ ስንታችሁ ተመለሳችሁ?» አለችኝ። ይህች ልጅ ከአፏ የሚወጣው ነገር አይመዘንም። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የወሰደው ልጅ ስም በየደጁ ይነሳ እንደነበር ታውቃለች፤ የእሷም አያት የጋይንት ሰው ናቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ የሚያስለቅሰው ዳር የቀረውን ነው።

ያም ሆነ ይህ፣ አርብ ገበያ ዕቃውን ስላላገኘሁ ባሕር ዳር ወረድኩ። ጉናን በግርጌው ሳልፍ መስኮቱ ተከፍቶ ነበርና አጥንቴ ድረስ ቀዘቀዘኝ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ ተራራ ነው፤ ጉማራና ርብ ከእሱ ተነስተው ጣና ይገባሉ። እዚያ የሚፈልቀውን ውሃ ለዋና የሚደፍር ሰው ካለ መነጽር ሳይሆን ጸበል ነው የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት «ጣናን የሚያህል ውሃ በነጻ ተዘርግቶ ሳለ ለምን በገንዘብ ገንዳ ትገባለች?» ብዬ ነው። ልጄ ቢልሃርዝያ አለ አለኝ። ዳር ዳሩን ካለው ቀንድ አውጣ የሚወጣ ትል የልጁን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ መነጽርም ኮፍያም አይመክተውም። እሺ፣ ይኼን ተቀበልኩ። ከዚያ ወደ ሱቅ ሄድን፤ ልቤ የደከመውም እዚያ ነው።

ባለ ሱቁ መነጽር ደረደረ። ለዋንጫ የሚዋኙበት፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ዓሣ የተሳለበት፣ አፍንጫም ጭምር የሚሸፍን። ዋጋውን ስሰማ አንድ ጠቦት ዓይኔ ላይ መጣ። ምራቴ ያብለጨለጨውን አነሳች። ደግነቱ አሰልጣኙ የላከው የድምፅ መልእክት ነበርና ልጄ ከፈተው። አሰልጣኙ ብልህ ነው፤ እንዲህ አለ፤ ማሰሪያውን ሳታጠብቁ መነጽሩን ብቻ ዓይኗ ላይ ለጥፋችሁ በቀስታ ጫን አድርጉት፤ እጃችሁን ስትለቁ ጥቂት ይዞ ከቆየ የፊቷ ልክ ነው፤ ወዲያው ከወደቀ፣ ወርቅ ቢሆንም ውሃ ያስገባል። ሞከርን። ያብለጨለጨው ወደቀ። ዓሣ የተሳለበትም ወደቀ። ከመደርደሪያው ጥግ የነበረ፣ ማንም ያላየው፣ ተራ ነጭ መስታወት ያለው ተለጠፈና ልጅቷ ጭንቅላቷን ብትነቀንቅ አልወድቅ አለ። ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ! ባለ ሱቁ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አልኩ። አሰልጣኙ ለቤት ውስጥ ገንዳ ነጩ፣ ፀሐይ ለሚመታው ገንዳ ጠቆር ያለው ይሻላልም ብሏል። ገዝተን እንደወጣን ግን ምራቴ በሶፍት ውስጡን ልትወለውለው ስትል አሰልጣኙ በስልክ ጮኸባት፤ ጉም እንዳይዘው የተቀባ ነገር አለ፤ በጣትም በጨርቅም አይነካም፤ በንጹህ ውሃ አለቅልቆ ጥላ ላይ ማስቀመጥ ነው።

እኔ አሁንም መነጽር ለምን አስፈለገ እላለሁ። ለልጅቷም «አበበ ቢቂላ እኮ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው» አልኳት። ይህን ካልኩ በኋላ ሌላ ክርክር ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም። እሷ ግን ከረሜላዋን ከጉንጯ ወደ ጉንጯ አዛውራ «አባባ፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ደግሞ የበለጠ ፈጠነ» አለችኝ። ሮም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ሽማግሌን ለማሳፈር የተሠራ ነው።

ኮፍያው የባሰ ጣጣ አመጣ። የልጅ ልጄ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ያውም ባለቤቴ ከአርብ ገበያ በላከችው ለጋ ቅቤ ራሷ ርሶ። የላስቲኩን ኮፍያ ምራቴ ከፊት ስታስገባው ከኋላ ይወጣል፤ ከኋላ ስታስገባው ልጅቷ ፀጉሬን ነጨሽኝ ብላ ትጮኻለች። የሲሊኮኑ ለስለስ ያለ ነው፤ እሱም በቅቤው አንሸራቶ ዘሎ ባለ ሱቁ ደረት ላይ አረፈ። ለነገሩ ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም አሉ። ሶል ካፕ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ለሹሩባና ለከርዳዳ ፀጉር ሰፋ ያለ ኮፍያ ሠርቶ፣ ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ለኋለኛው የቶኪዮ ኦሊምፒክ አልፈቅድም ብሎት ነበር። ጩኸት ሲበዛበት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፈቀደ። የሰው ጭንቅላት ልክ አንድ ብቻ ነው ብለው የወሰኑ ሰዎች አንድ ቀን ሹሩባ ሲሠሩ ማየት ነበረባቸው። እኛ ያገኘነው ሰፋ ያለ የጨርቅ ኮፍያ ነው፤ ውሃ ያስገባል፤ ግን የትኛውም ኮፍያ ፀጉርን ሙሉ በሙሉ ከውሃ አይጠብቅም አለ አሰልጣኙ፤ ዋናው ሥራው ፀጉሩ ዓይኗ ላይ እንዳይወድቅ፣ ከገንዳውም ማጣሪያ እንዳይገባ ነው። ቅቤው ግን መታጠብ አለበት፤ ገንዳው ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ለባለቤቴ በስልክ የምነግረው እኔ ሆንኩ። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም።

ስለ ልብሱ አጭር ልሁን። እኔ የጥጥ ቁምጣና ከነቴራ ይበቃታል ብዬ ነበር፤ ጥጥ ግን ውሃ ይመጥና ይከብዳል፣ ወደ ታች ይጎትታል። ፖሊስተር የበዛበት ልብስ ክሎሪን ቶሎ አይበላውም፤ ከዋና በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቆ ጥላ ላይ ማስጣት ነው። ውዱን ግን ተዉት። በ2001 ዓ.ም. ክረምት በዚያችው በሮም ዋናተኞች ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የፕላስቲክ ልብስ ለብሰው በአንድ ሻምፒዮና 43 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ ወዲያው በተከታዩ ዓመት ልብሱ ታገደ። ሰውዬው ይዋኝ ልብሱ ይዋኝ አልለይ ብሏቸው ነው። ምራቴ የመረጠችው ደግሞ ውኃ ሰማያዊ ነበር፤ ከሻንጣዋ ጋር ስለሚሄድ። ገንዳው ሰማያዊ፣ ልብሱ ሰማያዊ፣ ልጄን በምን ልያት? እኔ ዕድሜዬን በግ የጠበቅሁ ሰው ነኝ፤ ጭጋግ ውስጥ የምትጠፋው ግራጫዋ ናት። ደማቅ ብርቱካናማ አስለወጥኩ፤ አሰልጣኙም «አባባ ልክ ናቸው፤ ውሃ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ አይታይም» አለ። ይህ ልጅ ይባረክ።

ከዝርዝሩ የቀረውን እሱው ሰረዘልን። ሰሌዳው ገንዳው ዘንድ አለ፤ አይገዛም። የአፍንጫ መቆንጠጫ ለጀማሪ አይሆንም፤ ልጅ ውሃ ውስጥ በአፍንጫው አየር ማውጣት ነው መጀመሪያ የሚማረው። የጆሮ መድፈኛ ሐኪም ካላዘዘ ይቅር። ዓይን የሚያቀላውም ክሎሪኑ ብቻውን ሳይሆን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ ነው፤ ስለዚህ ከመግባት በፊት ሽንት ቤት መሄድና ገላ መታጠብ። ይኼ ዕቃ በነጻ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ስለማይሸጥ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ክንድ ላይ የሚነፋው ላስቲክ ላይ ስንደርስ ተጣላን። ባለ ሱቁ «ይህ ካለ ልጅ አይሰጥምም፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ» አለኝ። እኔ ደግሞ ቅል ሲንሸራተት አይቻለሁ። ሆዱ ላይ ያሰረው ልጅ ያንን ተማምኖ ነው ጥልቁ የሚገባው፤ ባይኖረው ኖሮ ዳር ዳሩን ይል ነበር። ላስቲኩም ያው ነው። ይተነፍሳል፣ ከእርጥብ ክንድ ይወልቃል፣ ልጁን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ስለሚይዘው ጋደም ብሎ መንሳፈፍ አይማርም። ከሁሉ የከፋው ግን ዳር የተቀመጠውን ትልቅ ሰው ስልኩን እንዲያይ ፈቃድ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ገምቷል፤ ወደ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ለዚህ ቀን ቆርጦለታል፤ በእኛ ሐምሌ 18 ይውላል፤ ልክ ወንዞቻችን ሞልተው ግንድ ነቅለው በሚወርዱበት ጊዜ። ቀኑን የመረጠ ሰው በሺሎን ያየ ይመስላል።

አገራችን ከዋና ጋር ያላት ነገር ራሱ ግራ ነው። ጎንደር ላይ የዐፄ ፋሲል መዋኛ አለ፤ በዓመት አንዴ፣ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ይሞላል። ጥር 11 ውሃው ሲባረክ ጎረምሳው ከግንቡ እየዘለለ ይገባል፤ እዚያ መነጽር ያደረገ አላየሁም፤ ኮፍያ ያደረገ ካለ ፖሊሱ ነው። በኦሊምፒክ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ የእኛው ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ዋኝቶ ከ59 ሰው 59ኛ ሲወጣ ዓለም ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም። ከሳቁት ውስጥ ስንቱ ውሃ ውስጥ ቢጣል 100 ሜትር ደርሶ ይወጣል?

ዋናው ነገር የመጣው ግን የመጀመሪያው ትምህርት ቀን ነው። መነጽሯን፣ ኮፍያዋንና ብርቱካናማ ልብሷን ይዛ ልጅቷ ገባች። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ዱላዬን ይዤ ልከተላት ስል ዘበኛው «አባቴ፣ ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለኝ። እኔ ዓይኔን ወደ ግድግዳው ወረወርኩ። ገንዳው ዳር፣ ከእኔ ዱላ ሦስት እጥፍ የሚረዝም ዘንግ ተሰቅሏል፤ ከአጠገቡ ደግሞ ገመድ የታሰረበት ቀይና ነጭ ክብ ላስቲክ።

«ያ ምንድን ነው ልጄ?»

«እሱማ ሰው ሊሰጥም ሲል ማውጫ ነው።»

«ይኼስ?» አልኩና ዱላዬን አነሳሁለት።

አሰልጣኙ ሰማና እየሳቀ መጣ። «ይግቡ፣ ይግቡ» አለ። ሰው ሲሰጥም ዘሎ መግባት የመጨረሻው ነገር ነው ይላል፤ የሰጠመው የያዘውን ነገር አይለቅም፣ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ። መጀመሪያ ዳር ተኝቶ ዘንግ ማቀበል፣ ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር በገመድ መወርወር። ዱላና ጀሪካን! ከአርብ ገበያ ጀምሬ የተናገርኩት ሌላ ምን ነበር? ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ገዝተው ይኼን ብቻ ከዝርዝሩ አወጡት።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ነኝ። ለመቀመጥ ማኪያቶ ማዘዝ ግድ ነው፤ ማኪያቶው ደግሞ ይመረኛል፤ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፤ ወንበሩ ወገብ አያሳርፍም። ከጎኔ የተቀመጡት እናቶችና አባቶች ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ፤ እኔ የእነሱንም ልጆች ደርቤ እቆጥራለሁ፤ የሚከፍለኝ ግን የለም። ልጅቷ አሁን ፊቷን ውሃ ውስጥ ነክራ አረፋ ታወጣለች፤ «አባባ እየኝ!» ትላለች፤ እያየሁሽ ነው እላታለሁ።

እንግዲህ ለልጃችሁ የዋና ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ፤ ያልወደቀውን መነጽር፣ ያልነጨውን ኮፍያ፣ ደማቁንና ጥጥ ያልሆነውን ልብስ ግዙ፤ ክንድ ላይ የሚነፋውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ፤ በተረፈው ብር ክዳኑ የሚገጥም ባዶ ጀሪካንና ረጅም ገመድ ይዛችሁ ገንዳው ዳር ተቀመጡ። ባለ ሆቴሎችም፣ ለሽማግሌ የሚሆን መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ አስቀምጡ፤ ዱላውንም በር ላይ አትንጠቁት።